የእንግዴ ልጅ መርፌ ለፊት መጨማደድና ለጠባሳ፦ ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሲመዘን

የፊት መጨማደድን ወይም የቆየ ጠባሳን ለማስተካከል ለተነሳ ሰው የሚደረደሩለት አማራጮች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ከእንግዴ ልጅ የተዘጋጀው መርፌ ልዩ ግርማ ይዞ ይቀርባል። ጽንስን ዘጠኝ ወር የመገበ አካል ቆዳን ቢያድስ ምን ይገርማል የሚለው አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ሻጮችም ይህን አሳምረው ያውቁታል። እኔ ግን ይህን ሕክምና የምመዝነው አካሉ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ ደርቆና ከጀርም ጸድቶ ካበቃ በኋላ በብልቃጡ ውስጥ በቀረው ነገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ የተወጋው ነገር ጣጣ ቢያመጣ መልሶ ማሟሟት ወይም ማውጣት ይቻላል?

በአንድ ስም የሚሸጡ የተለያዩ ነገሮች

«የእንግዴ ልጅ መርፌ» ተብሎ የሚቀርበው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። የእንግዴ ልጁ ሥጋ በአሲድ ወይም በኢንዛይም እንዲሟሟ ይደረጋል፤ ፕሮቲኑ ተበጣጥሶ አሚኖ አሲድና አጫጭር ቁርጥራጭ ይሆናል፤ ከዚያ ተጣርቶ በከፍተኛ ሙቀት ከጀርም ይጸዳል። ጃፓን ውስጥ የመድኃኒት ፈቃድ ያላቸው ሜልስሞንና ላኤኔክ የዚህ ወገን ናቸው። ሜልስሞን እ.ኤ.አ. በ1956 የወር አበባ መቋረጥ ለሚያስከትለው ሕመም፣ ላኤኔክ ደግሞ በ1974 ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ተፈቀዱ። የፊት መጨማደድ በሁለቱም ፈቃድ ውስጥ የለም። ለውበት ሲታዘዙ ሐኪሙ ከተፈቀደላቸው ጥቅም ውጭ እያዘዛቸው ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጽንሱን ከነሽርት ውሃው ከሚይዘው ስስ ሽፋን፣ ከአምኒዮን፣ የሚዘጋጅ ዱቄት ነው። አምኒዮን የደም ሥርም ነርቭም የለውም። በሕክምና ታሪክ ውስጥ የተከበረ ስፍራ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ ለቆዳ ንቅለ ተከላ ተሞክሯል፤ በ1940 ለዓይን ቀዶ ጥገና ውሏል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የተጎዳ የዓይን ገጽን ለመሸፈን በብዙ አገሮች የታወቀ ዘዴ ሆኗል። በስኳር ሕመምተኞች እግር ላይ ለሚወጣ አልድን ባይ ቁስልም እየተነጠፈ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ይህ ሁሉ ማስረጃ የተገኘው ሽፋኑ እንደ ፋሻ በቁስል ላይ ሲነጠፍ ነው። ያው ሽፋን ተፈጭቶ ቁስል በሌለበት ቆዳ ውስጥ ሲወጋ ሌላ ሕክምና ይሆናል፤ የፋሻው ማስረጃ ለመርፌው ምስክር ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ማስታወቂያዎች በብዛት የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ይህንኑ ልዩነት ሕጋዊ መስመር አድርጎታል። ሽፋኑ እንደ ሽፋን እስካገለገለ ድረስ በቲሹ ደንብ ይተዳደራል። ተፈጭቶ በመርፌ የሚሰጥ ከሆነ ግን የመጀመሪያ ባሕርይው ስለተለወጠ እንደ መድኃኒት ተፈትኖ ፈቃድ ማግኘት አለበት። መሥሪያ ቤቱ ይህን አቋሙን እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንድ አምራች በጻፈው ደብዳቤ ግልጽ አድርጓል፤ ለአምራቾች የሰጠው የእፎይታ ጊዜም በግንቦት 2021 አብቅቷል።

ሦስተኛው ህዋሳቱ ከወጡለት የእንግዴ ልጅ ሥጋ የሚገኝ፣ በአብዛኛው ኮላጅን (ቆዳን አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የሆነ ሙሌት፣ ማለትም ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደለውን የሚሞላ ነገር፣ ነው። አራተኛው «ሕያው ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል መነሻ ህዋስ) አለበት» ተብሎ የሚሸጠው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ የተጓጓዘ፣ ሲቀልጥም ምን ያህሉ በሕይወት እንዳለ ማንም ያልቆጠረው ፈሳሽ ነው። ክሬሙን ከእነዚህ ጋር አልቆጥረውም። የአውሮፓ ኅብረት ከሰው ህዋስና ቲሹ የተሠራ ነገር በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፤ በክሬም ማሰሮ ላይ «ፕላሴንታ» የሚል ጽሑፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ወይም የበግ ነው።

ከማዋለጃ ክፍል እስከ ብልቃጥ

አንድ ምርት መታመን አለመታመኑ የሚወሰነው በዝግጅቱ ሂደት ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንመልከት።

ሥራው የሚጀምረው ከወሊዱ በፊት ነው። እናትየዋ በጽሑፍ ፈቃዷን ትሰጣለች፤ የጤና ታሪኳ ይጠየቃል፤ ደሟ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝና ለሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ይመረመራል። በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም በተለመደው ምርመራ ነጻ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የቫይረሱን ዘረ መል ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ይጨመራል፤ አንዳንድ የቲሹ ባንኮች ደግሞ እንግዴ ልጁን በበረዶ አቆይተው እናትየዋን ከስድስት ወር በኋላ ዳግመኛ ይመረምራሉ። በቀጠሮ የሚደረግ የቀዶ ጥገና ወሊድ ይመረጣል፤ በማሕፀን በር የወጣ እንግዴ ልጅ በመንገዱ ባክቴሪያ ይነካዋልና።

የሚሰበሰበው ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ስፋቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ በደም የራሰ አካል ነው። ደሙ በጨው ውሃ ተደጋግሞ ይታጠባል። ይህ ለመልክ ሲባል የሚደረግ አይደለም፤ የሌላ ሰው የደም ህዋስ በቆዳ ውስጥ ከቀረ ሰውነት ይቆጣል። አምኒዮኑ ከሥሩ ካለው ኮሪዮን ከተባለ ሌላ ሽፋን በጣት ይላቀቃል። የህዋስ ቅሪት እንዲወጣ ከተፈለገ በሳሙና መሰል ኬሚካሎችና ዘረ መልን በሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይታጠባል። በዘርፉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለኪያ በአንድ ሚሊ ግራም ደረቅ ቲሹ ውስጥ የሚቀረው ዲኤንኤ ከ50 ናኖ ግራም በታች እንዲሆን ነው። ቀጥሎ ራሱ ሳሙናው ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ከቀረ ህዋስን ይገድላል።

ከዚያ በቅዝቃዜ ይደርቃል፣ ይፈጫልም። ወፍጮው ሲሽከረከር ይሞቃል፤ ኮላጅን ደግሞ ሲሞቅ የተጠማዘዘ ቅርጹን ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። ስለዚህ መፍጨቱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይካሄዳል፤ ቲሹው እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ዱቄቱ በወንፊት ያልፋል። የወንፊቱን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ለፊት የሚያገለግለው ባለ 30 ጌጅ (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) መርፌ የውስጥ ስፋቱ 0.16 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የባለ 27 ጌጁ ደግሞ 0.21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የተፈጨ ሽፋን ክብ ፍሬ አይደለም፤ ቀጭንና ጎባጣ ቅርፊት ስለሆነ በወንፊት ቀዳዳ በቁመቱ ሾልኮ መርፌው ውስጥ ይጋደማል። መርፌው ሲደፈን ወጊው አውራ ጣቱን ይጫናል፤ ግፊቱ ይጠራቀማል፤ ድንገት ሲለቅ ሊሰጥ ከታሰበው በላይ ባልታሰበ ጥልቀት ይረጫል። ፊት ላይ ይህ አደገኛ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ከጀርም ማጽዳት ሲሆን የዚህ ሁሉ ነገር ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ጥርት ያለ ፈሳሽ ባክቴሪያን በሚያስቀር ደቃቅ ማጣሪያ ሊያልፍ ይችላል፤ ዱቄት ግን አያልፍም። በ121 ዲግሪ እንፋሎት ቢቀቀል ጀርሙ ይሞታል፤ አብረውት የዕድገት ፕሮቲኖቹም፣ ማለትም ህዋሳት እንዲራቡ ምልክት የሚሰጡት፣ ቅርጻቸውን ያጣሉ። በጋማ ጨረር ቢመታ፣ የተለመደው መጠን 25 ኪሎ ግሬይ ነው፣ ሙቀቱ ይቀራል እንጂ ጨረሩ የኮላጅኑን ሰንሰለት ይበጣጥሳል፣ ከዕድገት ፕሮቲኖቹም ይቀንሳል። ምንም ሳይደረግበት በንጹሕ ክፍል ብቻ ቢዘጋጅ ፕሮቲኑ ይተርፋል፤ ባክቴሪያውም ሊተርፍ ይችላል። አንድ ሻጭ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ከጀርም የጸዳ መሆኑንና በሕያው የዕድገት ኃይል የተሞላ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ከነገረህ፣ የትኛውን መንገድ ተጠቅሞ እንዳጸዳው ጠይቀው። መልሱ ከሁለቱ ተስፋዎች አንዱን ሳይሸረሽረው አይቀርም።

ስጋቱ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከእትብት ደም ተዘጋጅቶ በመርፌ የተሰጠ ምርት በ12 ሕሙማን ላይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ማስከተሉን ይፋ አድርጓል። ምንጩ እትብት እንጂ እንግዴ ልጅ አይደለም፤ የአዘገጃጀቱ ችግር ግን አንድ ነው። ጃፓንም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሰው እንግዴ ልጅ መርፌ የወሰዱ ሰዎች ደም እንዳይለግሱ አድርጋለች። በዚህ መንገድ የተላለፈ በሽታ ሳይታወቅ፣ በተለመደው ማጽጃ የማይጠፉ ፕራዮን የሚባሉ በሽታ አምጪ ፕሮቲኖች ቢኖሩስ በሚል ጥንቃቄ ብቻ የተወሰደ እርምጃ ነው።

የራስን እንግዴ ልጅ አስቀምጦ በአንድ ክሊኒክ ጓዳ ማዘጋጀትስ? «የራሴ ስለሆነ ሰውነቴ አይቆጣም» የሚለው ክርክር ባክቴሪያን አያውቅም። እንግዴ ልጅ ደግሞ በአብዛኛው የሕፃኑ እንጂ የእናቱ ቲሹ አይደለም፤ ስለዚህ «የራሴ» የሚለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይሆንም። ይህን ከአማራጮች ዝርዝር አውጥቼዋለሁ።

መጨማደድ፦ መጀመሪያ መስተዋት

መስመሩ የሚታየው ፊት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ወይስ ፊት ሲያርፍም? ይህን ሳይለዩ ስለ መርፌ ማውራት ከንቱ ድካም ነው። ግንባር ሲቋጠር ወይም ዓይን ሲጨፈን ብቻ የሚወጣ መስመር የጡንቻ ሥራ ነው፤ በሥሩ ኮላጅን ቢሞላበት ጡንቻው ማጠፉን አይተውም። ለዚህ ተመራጩ ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝለው መርፌ፣ ቦቶክስ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለቅንድብ መሐል መስመር ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል፤ ውጤቱ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል፤ ባይወደድም በጊዜው ይጠፋል።

ፊት ሲያርፍም የማይጠፋ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር የሚወርደው ዓይነት ጥልቅ እጥፋት ሙሌት ይፈልጋል። የእንግዴ ልጅ ኮላጅን እውነተኛ ተፎካካሪዎቹን የሚያገኘው እዚህ ነው። ታሪኩ ግን አያበረታታውም። ከከብት ቆዳ የተዘጋጀ ኮላጅን እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገበያውን ተቆጣጥሮ ነበር። ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ ስለሚቆጡበት በቅድሚያ ክንድ ላይ ተሞክሮ አራት ሳምንት ይጠበቅ ነበር፤ ሙሌቱም በጥቂት ወራት ይሟሽሽ ነበር። ሃያሉሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ሲፈቀድ ኮላጅኑን ከገበያ ገፋው። ይህ ንጥረ ነገር በማንኛውም ሰው ቆዳ ውስጥ ያለ፣ ውሃ ይዞ የሚያብጥ ስኳር ነው፤ በፋብሪካ በባክቴሪያ ስለሚመረት ከሰው የሚመጣ በሽታ አያሰጋም፤ እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 18 ወር ይቆያል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚፈታ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሲወጋበት በሰዓታት ውስጥ ይሟሟል። ማንኛውም ሙሌት በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊያሞት፣ ወደ ዓይን ከሄደም ሊያሳውር ይችላል። በዚያች ሰዓት ሃያሉሮኒክ አሲድ የተወጋ ሰው ማርከሻ አለው። የተፈጨ ሽፋን ወይም የእንግዴ ልጅ ኮላጅን የተወጋ ሰው የለውም። ሁለቱ በውጤት እኩል ናቸው ብንል እንኳ፣ እኩል መሆናቸውን በትልልቅ ጥናት ያሳየ የለም፣ እኔ በዚህ አንድ ምክንያት ብቻ የሚሟሟውን እመርጣለሁ።

ስለ ሕያው ህዋስ መርፌ አንድ ማነጻጸሪያ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ከታካሚው ከራሱ ጆሮ ጀርባ ከተወሰደ ቆዳ በላብራቶሪ የተባዙ ህዋሳት በአፍንጫና በአፍ መካከል ላለው እጥፋት እንዲወጉ ፈቅዳ ነበር። ህዋሱ የራስ፣ በላብራቶሪ የተቆጠረ፣ በሙከራ የተመዘነ ነበር፤ በሦስት ዙር ተወግቶም ያመጣው ለውጥ መጠነኛ ነው። ከማይታወቅ ለጋሽ የመጣ፣ ያልተቆጠረና ያልተፈተነ ብልቃጥ ከዚህ የተሻለ ይሠራል ብሎ ለማመን ምክንያት አላገኘሁም።

በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚታየው ደቃቅ ሽብሽብ ደግሞ አብዛኛው የፀሐይ ሥራ ነው። ለዚህ መርፌ ከመፈለግ በፊት ሌሊት የሚቀባ ትሬቲኖይን (የቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነ ቅባት) እና ቀን የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ ይቀድማሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ900 በላይ ጎልማሶችን አራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ መከላከያውን በየቀኑ የተቀቡት እንዳሻቸው ከተቀቡት በ24 በመቶ ያነሰ የቆዳ እርጅና እንዳሳዩ ደርሶበታል። ትሬቲኖይን ነፍሰ ጡር አትጠቀምበትም፤ ቆዳንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቆጣል። ሁለቱም ግርማ የላቸውም፤ ማስረጃ ግን አላቸው።

ጠባሳ፦ ሁሉም አንድ አይደለም

ብጉር ትቶት የሄደው የጎደጎደ ጠባሳ በቅርጹ ይለያያል። ጠባብና ጥልቅ የሆነው፣ በጦር የተወጋ የሚመስለው፣ ሙሌት አይቀበልም፤ ከስፋቱ ጥልቀቱ ስለሚበልጥ የተወጋው ነገር ዙሪያውን ያሳብጣል እንጂ ጉድጓዱን አያነሳውም። ለዚህ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድን በጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ማስነካት ወይም ጠባሳውን በትንሽ ቀዶ ጥገና ማውጣት ይሻላል። ሰፋ ብሎ የሚያወዛውዘው ዓይነት ደግሞ ከሥር ወደ ታች በሚጎትቱት ክሮች የተያዘ ነው፤ ቆዳውን በሁለት ጣት ለጠጥ ስታደርገው ከጠፋ ይህኛው ነው። ክሮቹን በመርፌ ከሥር መቁረጥ፣ ከዚያ ካስፈለገ ሃያሉሮኒክ አሲድ ማስገባት የተለመደ ነው። ቆዳን በደቃቅ መርፌዎች መብሳት ለሁለቱም ደጋፊ ይሆናል፤ ለጥቁርና ጠይም ቆዳ ከሌዘር ይልቅ ይመቻል፣ ሌዘር የጠቆረ ምልክት የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ።

ከራስ ደም የሚወጣው በፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ በሚያግዙ ደቃቅ የደም ክፍሎች) የበለጸገ ፈሳሽ ከእንግዴ ልጅ መርፌ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የሚሸጡት በዕድገት ፕሮቲን ስም ነው። ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ከለጋሽ የሚመጣ በሽታ ግን የለበትም። ንጽሕናው ከተጓደለ ይህም አያድንም፦ በኒው ሜክሲኮ ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት ይህን ሕክምና የወሰዱ ሦስት ሴቶች በኤችአይቪ መያዛቸውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ዘግቧል። ፊትህን የሚወጋህ ሰው አዲሱን መርፌ ከእሽጉ ሲከፍት በዓይንህ ልታየው ይገባል።

ኬሎይድን በተመለከተ ግን ማመዛዘን አያስፈልግም። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ ችግሩ የኮላጅን መብዛት ነው። «ኮላጅን ያነቃቃል» ተብሎ የሚሸጥ ነገር በላዩ መውጋት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው። ለኬሎይድ የሚሰጠው ትራይአምሲኖሎን የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም ሆኖ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ ይወጋል፤ የሲሊኮን ልባስ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ለወራት ይለጠፋል። ያለ ተጨማሪ ሕክምና በቀዶ ጥገና ብቻ የወጣ ኬሎይድ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰፍቶም። በራሱ ወይም በቤተሰቡ ኬሎይድ ያለበት ሰው ለመጨማደድ ሲል እንኳ ከእንግዴ ልጅ መርፌ ቢርቅ ይሻለዋል።

እንግዴ ልጅ በጠባሳ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ ቦታ የሚያገኘው ጠባሳው ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ ማለትም በቃጠሎ ወይም አልድን ባለ ቁስል ላይ፣ ያልተፈጨው ሽፋን በሐኪም እጅ ሲነጠፍ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ለሚፈልግ

የታሸገ ብልቃጥ በዓይንህ እይ። መለያ ቁጥሩን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ከየትኛው የቲሹ ባንክ እንደመጣ፣ ለጋሿ በምን በምን እንደተመረመረች፣ በምን ዘዴ ከጀርም እንደጸዳ ጠይቅ። ይህ ካልተነገረህ ተነስተህ ሂድ። ነፍሰ ጡር፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ፊቱ ላይ የነቃ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው መወጋት የለበትም። በአንድ ቀን ሙሉ ፊት አታስወጋ፤ በማይታይ ስፍራ ትንሽ ተሞክሮ ሳምንታት ይለፉ።

የብልቃጡን መለያ ተለጣፊ ወይም ፎቶውን ለራስህ አስቀር፤ ከዓመታት በኋላ የደም ባንክ ወይም ሌላ ሐኪም ሊጠይቅህ ይችላል። በመርፌው ጊዜ ወይም ወዲያው ቆዳው ከነጣ፣ እንደ መረብ ከጠቋቆረ፣ ሕመሙ ከመርፌው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ ወይም ዓይን ከደበዘዘ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ መቅላት በቀናት ውስጥ ከመጣ ኢንፌክሽን ነው ብለህ ተነሳ። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ የሚወጣ ጠጣር እብጠት ደግሞ ሰውነት ባዕድ ነገርን ከቦ መያዙ ሊሆን ስለሚችል፣ አታሽ፣ አታፍርጥ፣ ያንኑ መርፌ በላዩ አታስደግም፤ ምን እንደተወጋህ የሚያሳየውን ተለጣፊ ይዘህ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂድ።